አሥራ ሁለተኛው ቦይ

ሣጥኑ ሲከፈት ዓይን የሚያርፈው በሞላው ቦታ ላይ አይደለም። ከእንጨት የተሠራ፣ ውስጡ ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ የለበሰ የብዕር ማኖሪያ ነው። አሥራ ሁለት ቦዮች ጎን ለጎን ወጥተውለታል። በአሥራ አንዱ ውስጥ አሥራ አንድ የቀለም ብዕሮች ተጋድመዋል፤ ክዳናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መቆንጠጫቸው ወደ ላይ። አንዱ ቡናማ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ ሸንተረር አለው፣ አንዱ ጥቁርና ብረትማ ነው። አሥራ ሁለተኛው ቦይ ግን ባዶ ነው። ከፋዩ እዚያ ላይ ክብደት አላረፈበትምና አልተኛም፤ ብርሃን በጎን ሲመታው ከሌሎቹ ጠልቆ ይታያል። በልክ ከሌሎቹ እኩል ነው። ቢሆንም ይሰፋል።

ብዕር የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ቦታ በደንብ ያውቁታል። ኦሳካም ይኑሩ ሃምቡርግ ወይም ኦሃዮ፣ «ቀጥሎ የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አብሯቸው ይሰነብታል። ለውጭ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ሳያስቀውም አይቀርም። አሥራ አንድ ብዕር ላለው ሰው አሥራ ሁለተኛው ምን ይጨምርለታል? የሚጽፍበት እጅ እንደሆነ አንድ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮት ላየ ግን ጥያቄው ቀስ እያለ ሌላ መልክ ያወጣል።

የሞሉትን እንመልከት። ቡናማው ፓርከር 51 ነው። ፓርከር በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ጄንስቪል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ይህን ብዕር ለገበያ ያወጣው በ1941 ሲሆን ስሙን ያገኘው ኩባንያው 51 ዓመት ከሞላበት ጊዜ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ብዕሮች ኒብ የሚባለውን የወርቅ ምላሳቸውን ገልጠው ያሳዩ ነበር። 51 ግን ምላሱን በገላው ሸፍኖ ጫፉን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ወርቅ አለው፤ አያሳይም። በዚያ ዘመን በተሠሩ የፓርከር ብዕሮች ገላ ላይ አንዲት ትንሽ አሃዝ ተቀርጻለች፣ አጠገቧ ደግሞ ነጥቦች አሉ። ሰብሳቢው አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ያነባቸዋል። አሃዟ ብዕሩ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ትናገራለች። ነጥቦቹ የሚናገሩት ሩብ ዓመቱን ነው፤ ከሩብ ወደ ሩብ አንድ አንድ እየጎደሉ ሄደው ዓመቱ ሲያልቅ ነጥብ የሚባል አይቀርም። እንግዲህ ነጥብ የሌለበት ብዕር ሩብ ዓመቱ ሳይጻፍበት የቀረ አይደለም። ባዶው ቦታ ራሱ «የዓመቱ መጨረሻ ላይ ተሠራሁ» ይላል፤ ማንበብ ለሚያውቅ።

አረንጓዴ ሸንተረር ያለው የሃኖቨሩ ፔሊካን ነው። ጀርባውን ሲያዞሩት በውስጡ ያለው ፒስተን ወደ ኋላ እየተሳበ ከብልቃጡ ቀለም ይጠጣል። ፔሊካን ይህን አሠራር ይዞ የመጣው በ1929 ነው። በሸንተረሮቹ መካከል ብርሃን ስለሚያልፍ፣ ብዕሩን ወደ መስኮት አንሥተው ሲያዩት ቀለሙ የት እንደ ደረሰ፣ ከላዩ ምን ያህል አየር እንደ ቀረ ይታያል። ጥቁሩ የሃይደልበርጉ ላሚ 2000 ነው። የነደፈው ጌርድ ሙለር ነው፤ በ1966 ለገበያ ወጥቶ ዛሬም መልኩን ሳይለውጥ ይመረታል ማለት ይቻላል። ሌሎቹን እንለፋቸው። እያንዳንዳቸው በየተራቸው «ቀጣዩ» ነበሩ፤ አሁን የተኙበት ቦይም በየተራው እንዲህ ጠልቆ ይታይ ነበር።

የመጀመሪያው ብዕር ብዙውን ጊዜ በቀለሙ ይመረጣል፤ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ወይም የአባትን የኮት ኪስ ስላስታወሰ። ሁለተኛው በአሞላሉ ይመረጣል፣ ሦስተኛው በክብደቱ። ከዚያ የተሠራበት ዘመን ይመጣል፤ በተወለዱበት ዓመት የተሠራ ብዕር ብቻ የሚያስሱ ሰዎች አሉ፣ ደግሞም ያገኙታል። አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ላይ ሲደረስ ግን የሚፈለገው ነገር ለዓይን መታየቱ አጠራጣሪ ይሆናል። የአንድ መስመር ውፍረት ነው። የጃፓን ብዕሮች በጥቅሉ ከአውሮፓዎቹ ይቀጥናሉ፤ ብዙ ጭረት ያለውን ፊደል በጠባብ አራት ማዕዘን ውስጥ ማስፈር አለባቸውና። ስለዚህ ጀርመን «ቀጭን» ያለችው ቶኪዮ ላይ መካከለኛ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ቢሆን ነው። ሰብሳቢው ግን በዚያች ልዩነት ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ሊያስብ ይችላል።

ብዙ ያለው ሰው ይጠግባል እንላለን፤ ወይም በተቃራኒው፣ የሰው ዓይን አይጠግብም እንላለን። እዚህ የሚታየው ሁለቱም አይመስለኝም። እያንዳንዱ ብዕር ሲገባ የቀረው ፍላጎት እየቀጠነ ይሄዳል፤ ፍላጎቱ ሲቀጥን ዓይኑም አብሮት ይሳላል። ጀማሪው ሱቅ ገብቶ መቶ ብዕር ያያል፣ መቶውም ያምረዋል። የቆየው ሰብሳቢ ያንኑ መቶ አይቶ ዘጠና ዘጠኙን በሰላም ያልፋቸዋል። በአንደኛው ላይ ይቆማል፤ ለምን እንደ ቆመ ግን ለባለሱቁ ማስረዳት ይቸግረዋል።

የቆመበትን በአጉሊ መነጽር እንየው። የወርቁ ምላስ በመካከሉ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ሲሆን ወደ ጫፉ ሲወርድ እየጠበበ ይሄዳል። ቀለም ወደ ጠባቡ ይሳባልና፣ ማንም ሳይገፋው፣ ምንም ሳይጫነው ወደ ጫፉ ይመጣል። ሁለቱ ጎኖች ከልክ በላይ ቢራራቁ ቀለሙ ይቋረጣል፤ ገጥመው ቢዘጉም ይቋረጣል። ብዕሩ የሚጽፈው በመካከላቸው ለወረቀት እንኳ በምታስቸግር ክፍተት ነው። ወርቁ ክፍተቷን ለመጠበቅ የቆመ አጥር ብቻ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

ከምላሱ በታች ደግሞ ሌላ ቦይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 በኒው ዮርክ ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሥራ በዚህ ቦይ ላይ ያረፈ ነው። ከዚያ በፊት በሆዳቸው ቀለም የያዙ ብዕሮች ነበሩ፤ ችግራቸው አንዴ መንፈጋቸው፣ አንዴ መዝረክረካቸው ነበር። ቀለም ከወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየር ካልገባ ቀለሙ አይወርድም፣ በዘፈቀደ ከገባ ደግሞ ቀለሙ ይዘረገፋል። ዋተርማን ከምላሱ ሥር ባለው ቀለም አውራጅ ላይ ቀጫጭን ቦዮች አወጣለት፤ ቀለሙ በእነርሱ ሲወርድ አየሩ ለክቶ ይወጣል። ስንጽፍ ይህ አይሰማንም። አንዲት ቃል ወረቀቱ ላይ በወረደች ቁጥር ግን፣ የእርሷን ያህል አየር በብዕሩ ውስጥ ወደ ላይ ወጥቷል። በፔሊካኑ ሸንተረር መካከል በመስኮቱ ብርሃን ያየነው ባዶ ቦታ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው።

ጫፉ ላይ ደግሞ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የብረት እንክብል ተበይዳለች። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ወረቀት ይበላዋል፤ ከወረቀቱ ጋር ፊት ለፊት የምትገናኘው እንክብሏ ናት። ቀድሞ ኢሪድየም ከሚባለው ማዕድን ትሠራ ነበር። ማዕድኑን ስሚትሰን ቴናንት ለንደን ውስጥ በ1803 ያገኘው፣ የፕላቲነም አፈር በአሲድ ሲሟሟ ከሥር ከሚቀር ጥቁር አተላ ነው። በምድር ቅርፊት ውስጥ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከሰማይ በሚወድቁ አለቶች ውስጥ ግን ይበረክታል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት በተነጠፈ ቀጭን የሸክላ ንጣፍ ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው ሳይንቲስቶችን በዚያ ዘመን ታላቅ አለት ከሰማይ ወድቆ ነበር ወደሚለው ግኝት የመራቸው። ዛሬ እንክብሏ የምትሠራው በአብዛኛው ከሌሎች ጠንካራ ማዕድናት ቅይጥ ነው። ያም ሆኖ ርካሽ ኒቦች ላይ ሳይቀር «ኢሪድየም» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ስሙ ቀርቷል፣ ማዕድኑ የለም።

በዚችው ጠባብ ወርቅ ላይ ተራራ የሚቀርጹም አሉ። የሃምቡርጉ ሞንብላን በታወቀው ማይስተርሽቱክ ብዕሩ ምላስ ላይ 4810 ብሎ ይጽፋል፤ ስሙን የወሰደበት ተራራ ከፍታ ነው፣ በሜትር። ፕላቲነም የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ አንዱን ብዕሩን 3776 ብሎታል፤ የፉጂ ተራራ ከፍታ። ሃምቡርግ ሜዳ ላይ፣ ወደብ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከመሬት ቀና ብሎ የሚያየው ተራራ የሌለው ሰው፣ ተራራውን እየጨበጠ የቤት ኪራይ ደረሰኝ ይፈርማል።

ወደ ባዶው ቦይ እንመለስ፤ እስካሁን የለቀቅነውም አይመስለኝም። ሰዎች ብዙ ሕግ ያወጡለታል። አንድ ሳይወጣ አንድ አይገባም የሚል አለ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ብዕር በላይ ቀለም የማይሞላ አለ፤ ቀለም የሞላ ብዕር ካልተጻፈበት ይደርቃል፣ ሲደርቅም እነዚያን ቀጫጭን ቦዮች ይደፍናቸዋል። ቴምብር ወይም ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። የፈለገውን ብዕር ስም በወረቀት ጽፎ ዓመት የሚያቆይ አለ፤ ዓመቱ ሲሞላ ፍላጎቱ ካለ ይገዛል። ስሙን የሚጽፈው ከአሥራ አንዱ በአንደኛው ብዕር መሆኑ ነው የሚገርመው፤ እጅ ያለው ብዕር የሚመጣውን ይጠራል። በቁጥር ተወስነው የሚወጡ፣ ሳጥናቸው ከብዕሩ የሚከብድ ልዩ እትሞችን የሚያሳድዱም አሉ። በእኔ ግምት እነዚያ ሰዎች ባዶውን ቦይ አላዩትም፤ ያዩት የሽያጩ ጊዜ እንዳያልፍባቸው ነው። ሲሞላባቸው ሃያ አራት ቦይ ያለው ሣጥን የሚገዙም አሉ፣ እነርሱን እንኳ ከልቤ እረዳቸዋለሁ።

ብዕር የማያበዛም አለ። በእኛ አገር የብራና መጻሕፍት የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ያሉት ብዕሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለጥቁሩ ቀለም፣ አንዱ ለቀዩ። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ቀዩ የሚነሣው የፈጣሪ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲደርስ፣ እንዲሁም በየአርእስቱ መጀመሪያ ነው፤ በቀረው ጊዜ ተቀምጦ ይጠብቃል። ብዕሩ የሚቀረጸው ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ሲሆን እርሱም ጫፉ ተሰንጥቋል። የወርቁ ስንጥቅ የሚሠራው ሥራ እዚህም አለ። ጫፉ ሲደነዝዝ ጸሐፊው በቢላ ይቀርጸዋል። መስመሩ እንዲወፍር ከፈለገ ሰፋ አድርጎ፣ እንዲቀጥን ከፈለገ ጠበብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ስለዚህ «ቀጥሎ የትኛው ብዕር?» የሚለው ጥያቄ ለእርሱም ነበረው፤ የሚመልሰው ግን እዚያው በያዘው መቃ ላይ ነው። ቀጣዩ ብዕር አሁን ባለው ውስጥ አለ፤ የሚገኘውም እያጠረ በመሄድ ነው። በመጨረሻ ጣት የማይይዘው ጉራጅ ይቀራል።

ወርቅ እንዲህ አይቆረጥም። ለዚህ ነው በጊዜያችን በፊደላችን የሚጽፍ ሰብሳቢ አሥራ ሁለተኛውን ቦይ ሲያይ ሌላ ሰው የማይገጥመው ነገር የሚገጥመው። በብራና ላይ ያለው ፊደል ቁመቱ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ይህን መልክ የሚሰጠው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ፣ ስተብ የሚሉት ኒብ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ሙሉ ስፋቱን ያሰፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ በስስቱ ያልፋል። ለ፣ ሰ፣ ነ በዚህ ብዕር ሲጻፉ እግራቸውን ተክለው ይቆማሉ። ሰውየው እነርሱን አይቶ ተገኘ ይላል። ከዚያ ልቡ ሞልቶ ለልጁ ደብዳቤ ይጀምራል፤ «ልጄ» ብሎ።

እዚህ ላይ ይቆማል። የጄ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ተደፍናለች። ኃምሱን ከሣልሱ የሚለየው ያች ቀለበት ናት። ጂ እግሩን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ጄ ያንኑ ይቀለብሰዋል፤ ሊና ሌ፣ ቢና ቤ፣ ቲና ቴም እንዲሁ። በአንድ ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ስተብ፣ በተለመደው የእጅ ጽሑፍ መጠን፣ ቀለበቷን መሥራት ይቻላል፤ ባዶዋን ማትረፍ ግን አይቻልም። ውስጧ በቀለም ይሞላል፣ የሚቀረውም አንድ ድንቡሽ ያለ ነጠብጣብ ነው። ከሩቅ ላነበበው ሰው «ቤቴ» ቢቲ ነው። በቀጭኑ የጃፓን ኒብ ቢጽፍ ቀለበቷ ጥርት ብላ ትወጣለች፤ ለ እና ሰ ግን አጥንታቸው ብቻ ይቀራል፣ ቁመናቸው ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ጫፍ በመካከላቸው የሆነ ቦታ ነው ያለው፤ አምራቾቹም ቁጥር አላወጡለትም።

ሌላም አለ። የላቲኑን ፊደል ቀጥለው የሚጽፉ ሰዎች ብዕራቸውን በየቃሉ አንዴ ቢያነሡ ነው። እኛ በየፊደሉ እናነሣለን፤ በአንዳንዱ ፊደል ውስጥም ሁለት ሦስት ጊዜ። እያንዳንዱ መነሣት አዲስ መጀመር ነው። እንክብሏ ከልክ በላይ ተወልውላ የስንጥቁ ከንፈሮች ከተድቦለቦሉ ቀለሙ ወረቀቱን አይነካም፤ የመጀመሪያው ጭረት ሳይጻፍ ያልፋል። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ በገጽ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም እንከን ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ የፊደሉ ራስ በየቦታው ይጎድላል። ሻጩ ብዕሩን ሞክሮ «እንደ ቅቤ ነው» ቢል አልዋሸም፤ የሞከረው በራሱ ፊደል ነው።

በብዕር መሞከሪያ ወረቀት ላይ ሰዎች የሚጽፉትን ማየት ደስ ይላል። አንዱ ስሙን ይጽፋል፣ አንዱ የተጋደመ ስምንት ደጋግሞ ያዞራል፣ አንዱ የዕለቱን ቀን ይጽፋል። ከነዚህ መካከል አልፎ አልፎ ሀ ሁ ሂ የሚል መስመር ይኖር ይሆናል። በዋሽንግተን አካባቢ በየዓመቱ በኦገስት ትልቅ የብዕር ባዛር ይደረጋል፤ ከመላው አሜሪካ ሻጮች ይመጣሉ፣ ጠረጴዛዎች በአሮጌና በአዲስ ብዕር ይሞላሉ። ከተማዋ የሀበሻ ከተማ ናትና ከእኛ ሰው አንዱ እዚያ ቢገኝ አይደንቅም። እንዲህ ባሉ ባዛሮች ላይ ኒብ የሚሞርዱ ባለሙያዎች አሉ። መብራት፣ አጉሊ መነጽር፣ የምትሽከረከር ትንሽ ድንጋይ፣ ሉክ ሉክ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት ከፊታቸው አለ። ተራ የደረሰው ሰው ቁጭ ይላል። ባለሙያው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ አይጠይቀውም። ጻፍ ይለዋል፤ ሲጽፍም ቀድሞ የሚያየው ወረቀቱን ሳይሆን እጁን ነው። ብዕሩን በስንት ዲግሪ እንዳጋደመው፣ ወደ ቀኝ ያዞረው እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚጫን።

«ቤቴ» ይጽፋል ሰውየው፤ ከሥሩ ደግሞ «ልጄ»። ባለሙያው ፊደሉን ማንበብ አይችልም። ግን ጣቱን በተደፈነችው ቀለበት ላይ ያደርግና ይህ ክፍት መሆን አለበት ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ ክፍት መሆን አለበት። የስተቡን ስፋት ከግራና ከቀኝ በጥቂቱ ይወስድለታል፣ ማእዘኑን ያለሰልሰዋል፣ አጥቦ ይመልስለታል። እንደገና «ቤቴ»። ትንሽ ተከፍታለች። ባለሙያው ብዕሩን ተቀብሎ እንደገና ይሞርዳል፤ የተወሰደው አይመለስምና በየጊዜው የሚወስደው ያነሰ ነው። በሦስተኛው የቀለበቷ ውስጥ ነጭ ወረቀት ይታያል፤ የቤ እግርም ውፍረቱን አልጣለም።

ቀጥሎ ባለሙያው የሚጠይቀው፣ እቤቱ በየትኛው ቀለም እንደሚጽፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የእርሱ መሞከሪያ ቀለም ነው፤ በሚፈስ ቀለም መስመሩ ስለሚሰፋ ቀለበቷ ተመልሳ ልትዘጋ ትችላለች። ፔሊካን 4001 የሚሉት ቀለም ደረቅ ነው ይባላል፣ ኢሮሺዙኩ የሚሉት የጃፓኑ ፓይለት ቀለም ግን ይፈስሳል። ሰውየው ሁለቱም አሉት፤ ከዚያም ሌላ ሰባት ስምንት ብልቃጥ።